ወገብ ህመም ይዟቹ ነርቭ ሀኪም ጋ ስትሄዱ ምን ይጠብቃቹኋል

አዲስ አበባ ውስጥ ወገቡን ብሎ የከረመ ሰው መጨረሻ ላይ የሚሰማው ምክር ያው ነው፣ አንዱ "ነርቭ ሀኪም ጋ ሂድ እንጂ" ይለዋል፣ ሌላው ደሞ "መጀመሪያ ኤምአርአይ ተነስተህ ሂድ፣ አለበለዚያ መመላለስ ነው" ይለዋል። ሰውዬው ከየትም ከየትም ብር አፈላልጎ ኤምአርአይ ይነሳና ትልቁን ፊልም ይዞ ይገባል፣ ዶክተሩ ግን ፊልሙን ጠረጴዛው ዳር አስቀምጦ "እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ" ይለዋል፣ ከዛ ጫማ አውልቅ፣ ተኛ፣ እግርህን ስጠኝ፣ በጣትህ ቁም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቅር ይለዋል፣ ፎቶው እያለ ምን ያለፋኛል ብሎ። እኔ ቤተሰብ ይዤ ስመላለስ የገባኝ ግን ይሄ ልፋት የተባለው ነገር ራሱ ምርመራው መሆኑ ነው፣ ፎቶው የሚነበበው ከሱ በኋላ ነው፣ እና ይሄን አውቆ የሄደ ሰውና ሳያውቅ የሄደ ሰው ከዛ ክፍል ይዘው የሚወጡት ነገር በጣም ይለያያል።

ወደ ካርድና ቀጠሮ ከመግባቴ በፊት ቀጠሮ የማይጠበቅለትን ላስቀድም። ከወገብ ህመሙ ጋር ሽንት አልወጣ ካላቹ ወይ ሳታውቁት ካመለጣቹ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቹ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ፣ ማለት ኮርቻ ላይ ስትቀመጡ የሚነካው ቦታ ላይ፣ መደንዘዝ ከመጣ፣ ወይ ሁለቱም እግሮቻቹ እየዛሉ ከሄዱ የዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ከአከርካሪው ታችኛው ጫፍ የሚወርዱት ነርቮች ባንድ ላይ ሲጨፈለቁ የሚመጣ ነገር ነው፣ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ ሽንቱም እግሩም ወደነበረበት ላይመለስ ይችላል። ሌሊት ሆኖ መኪና ካጣቹ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ነው የሚጠራው። ከመውደቅ ወይ ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ከባድ ህመም፣ ትኩሳት ያለበት ህመም፣ ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው ላይ አዲስ የመጣ የወገብ ህመም፣ እነዚህም ለሚቀጥለው ሳምንት የሚባሉ አይደሉም።

ከዚህ ውጪ ያለው ግን አብዛኛው የወገብ ህመም የነርቭ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ጀርባ ህመም እንደነበረበት ነው የሚናገረው፣ ከነዚህ ውስጥ ብዙሃኑ ላይ ይሄ ነው ተብሎ የሚጠቆም አንድ የተበላሸ ነገር የለም፣ ጡንቻ ነው፣ መገጣጠሚያ ነው፣ የአኗኗር ነገር ነው። እኛ ጋ ደሞ ምክንያቱ አይጠፋም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ጄሪካን የሚያመላልስ ሰው፣ ምጣድ ላይ አጎንብሳ የምትውል እናት፣ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ የሚነዳ ሾፌር። እንዲህ አይነቱ ድንገት የተነሳ ህመም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ነርቭ ሀኪም የሚያስፈልገው ህመሙ ከመቀመጫ አልፎ ከጉልበት በታች ሲወርድ፣ እግር ወይ የእግር ጣት ሲደነዝዝ፣ እግር ሲዝል ወይ ሲጎተት፣ ወይ ስድስት ሳምንት ገደማ አልፎም ምንም ሳይሻሻል ሲቀር ነው።

እዚህ ጋ ኩላሊት የምትለዋን ነገር ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው ወገቡን ሲያመው "ኩላሊቴን ነው" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ሀኪም ጋም ገብቶ እንደዛው ይላል፣ ከዛ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ይታዘዛል፣ ነጻ ነህ ይባላል፣ ቀኑ አለቀ። የኩላሊት ህመም በአብዛኛው ከጎድን አጥንት ስር በጎን በኩል ነው፣ ጎንበስ ቀና ስትሉ ብዙም አይለዋወጥም፣ ትኩሳት ወይ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይ ሽንት ላይ ደም አብሮት ሊኖር ይችላል። የወገብ ህመም ግን ስትቀመጡ ይብሳል፣ ስትነሱ ይይዛል፣ ስታስሉ ይነዝራል። ስለዚህ ሀኪሙ ፊት የበሽታ ስም ይዛቹ አትቅረቡ፣ እጃቹን አድርጋቹ ቦታውን አሳዩት።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የሀኪሞቹ አይነት ነው። ኒውሮሎጂስት የሚባለው የነርቭ በሽታን በምርመራና በመድኃኒት የሚከታተል ሀኪም ነው፣ ቀዶ ጥገና አይሰራም። ኒውሮሰርጀን የሚባለው የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ጥገና የሚሰራው ነው። ኦርቶፔዲክ ደሞ የአጥንት ሀኪም ነው፣ ከነሱ ውስጥም አከርካሪ ላይ የሚሰሩ አሉ። ሰው ሁሉንም በጅምላ ነርቭ ሀኪም እያለ ስለሚጠራ ቀጠሮ ስታስይዙ "የነርቭ ሀኪም ነው ወይስ የነርቭ ቀዶ ጥገና?" ብላቹ ጠይቁ። ቀዶ ጥገና ይፈሩ የነበሩ አንድ የጎረቤታችን አባት ነርቭ ሀኪም ሲባሉ ቢላ መስሏቸው ስንት ጊዜ አልሄድም ብለው እምቢ ብለዋል፣ እና ቤት ውስጥ እንደዚህ የሚፈራ ትልቅ ሰው ካለ መጀመሪያ ይሄን ንገሩት፣ እዛ ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ጥያቄና ትንሽ መዶሻ ነው።

እንዴት ነው የሚደረሰው ላላቹ፣ የመንግስት መንገዱ ከሰፈር ጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል፣ ሆስፒታሉ ደሞ ስፔሻሊስት ወዳለበት። የጤና መድህን ደብተር ካላቹ ይሄን ቅደም ተከተል አትዝለሉ፣ ሪፈር ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ የሄዱበት ቦታ ከኪስ ያስከፍላል። ጥቁር አንበሳ የተላከ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ቦታው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል መሆኑን ነው፣ በፈረንጆቹ 2006 ላይ የነርቭ ስፔሻሊስት ማሰልጠን የተጀመረውም እዛው ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያያቹ ሬዚደንት ነው፣ ማለት ሀኪም ሆኖ ስፔሻሊቲውን እየተማረ ያለ፣ እሱ ታሪካቹን በደንብ ይወስድና ለሲኒየሩ ያቀርባል፣ ሲኒየሩ ደሞ መጥቶ አንዳንዱን እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ይፈትሻል። ሰው "ተማሪ ነው ያየኝ" ብሎ ሲያዝን እሰማለሁ፣ ግን ሁለት ሰው ነው እያያቹ ያለው፣ በዛ ላይ ሬዚደንቱ ጊዜ ሰጥቶ ይሰማል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የግል ክሊኒክ ከሆነ ወረፋው አጭር ነው፣ ዋጋው ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቀድማቹ ደውሉና የካርዱን፣ የስፔሻሊስቱን፣ ካርዱ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ጠይቁ፣ ምክንያቱም ውጤት ይዛቹ ስትመለሱ እንደ አዲስ መክፈል አለመክፈላቹ እዛ ላይ ነው ያለው።

አሁን ዋናው ዝግጅት። ክፍሉ ውስጥ ያላቹ ጊዜ አጭር ነው፣ በተለይ የመንግስት ቦታ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ስንት ሰው ተደርድሮ፣ ስለዚህ ታሪካቹን ቤት ሆናቹ አስተካክሉት፣ ስልካቹ ላይ ጻፉት። መቼ ጀመረ፣ ምን እያደረጋቹ ነበር፣ ድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ፣ ከየት ተነስቶ የት ድረስ ይሄዳል፣ ምን ሲሆን ይብሳል፣ ምን ሲሆን ይቀላል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል ወይ። ቁጭ ስትሉ ነው የሚብሰው ወይስ ስትቆሙ የሚለው ቀላል ይመስላል ግን ትልቅ ነገር ነው። የዲስክ፣ ማለት በአከርካሪ አጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ መሳይ ነገር፣ ችግር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ መቀመጥና ማጎንበስ ይብስበታል። በእድሜ የገፉና የነርቭ መተላለፊያው የጠበበባቸው ሰዎች ደሞ በተቃራኒው ትንሽ ሲራመዱ እግራቸው ይከብድና ቁጭ ሲሉ ወይ ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል፣ እነዚህ ሰዎች ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጡ ወደፊት ዘንበል ስለሚሉ ይሻላቸዋል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ነው የሚብስባቸው። እንዲህ አይነት ነገር አስተውላቹ ከተናገራቹ ዶክተሩ ገና ሳይነካቹ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

የህመሙንም አይነት በራሳቹ አማርኛ ንገሩት፣ በጣም ያመኛል ብቻ ብሎ ማቆም አይጠቅምም። ይጠዘጥዛል ነው፣ ይቆረጥማል ነው፣ ያቃጥላል ነው፣ ይነዝራል ነው፣ ይወራል ነው፣ ይደነዝዛል ነው። የሚያቃጥልና የሚነዝር፣ እግር ላይ መስመር ይዞ የሚወርድ ህመም ነርቭን ያስጠረጥራል፣ ወገብ ላይ ብቻ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ደሞ ወደ ጡንቻና መገጣጠሚያ ያደላል። የት ጣት ላይ እንደሚደነዝዝም ለዩ፣ አውራ ጣት አካባቢ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤል5 የሚባለው ነርቭ ነው፣ ትንሿ ጣትና የእግር ውጨኛው ጠርዝ ከሆነ ኤስ1። አብዛኛው የወገብ ዲስክ ችግር እነዚህ ሁለት ነርቮች አጠገብ ነው የሚፈጠረው። ደሞ ነጠላ ጫማ ከእግራቸው ወልቆ ሳያውቁት የሚሄዱ ሰዎች አሉ፣ ይሄን ሳትረሱ ተናገሩ፣ የሁለቱም እግር መዳፍ ከደነዘዘ ጉዳዩ ከወገብ ሳይሆን ከስኳር ወይ ከቫይታሚን ቢ12 ማነስ ሊሆን ይችላል።

የምትወስዱትን መድኃኒት ስሙን ለማስታወስ አትሞክሩ፣ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛቹ ሂዱ። ከፋርማሲ በራሳቹ የገዛቹት ዳይክሎፌናክም፣ ጎረቤት የሰጠቻቹም፣ የወጋቹት ዴክሳሜታዞንም፣ ቢ ኮምፕሌክስም ይቆጠራል። ወጌሻ ጋ ሄዳቹ ታሽታቹ ከሆነም አትደብቁ፣ ጸበል እየገባቹ ከሆነም ተናገሩ፣ የሚቆጣ ሀኪም ይኖር ይሆናል ግን እሱ ማወቅ ያለበትን ነገር በሱ ቁጣ ምክንያት ማስቀረት የሚጎዳው እናንተን ነው። በነገራችን ላይ እግር እየዛለ ወይ ትኩሳት እያለ ወይ ከወደቃቹ በኋላ ወገብ ማሳሸት በጣም አደገኛ ነው፣ የተሰበረ ወይ በኢንፌክሽን የተበላ አጥንት ላይ ጉልበት ሲያርፍ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በፊት የተነሳቹት ራጅ፣ የደም ውጤት፣ የቲቢ ህክምና ወረቀት ሁሉንም ያዙ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ኤችአይቪ፣ እርግዝና፣ እነዚህን ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ልብስ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጥብቅ ጂንስ ለብሶ የሄደ ሰው ጉልበቱንም ታፋውንም ማስመርመር አይችልም። ሴቶች ቀሚስ ከሆነ ከስር ቁምጣ ወይ ሰፊ ሱሪ ልበሱ፣ ሴት ነርስ አብራ እንድትቆምላቹ መጠየቅም ትችላላቹ። ዘወትር የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ፣ አዲስ ጫማ አይደለም፣ እግሩን የሚጎትት ሰው ጫማው ከፊት በኩል ተበልቶ ስለሚታይ እሱም ይነበባል። ታክሲ ከሆነ የምትሄዱት ከኋላ ወንበር ጋቢና ይሻላል፣ ሜክሲኮ ወይ ለገሃር ወርዶ በእግር መሄድ የሚከብዳቸውን ሰዎች ደሞ እስከ በሩ በራይድ ማድረስ ነው። የመንግስት ሆስፒታል ከሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ካርድ ክፍል መገኘት ጥሩ ነው፣ እዛ ደሞ ወንበር ላይ ተጣብቃቹ አትጠብቁ፣ ተነሱ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፣ ወረፋቹን አጠገባቹ ላለው ሰው አደራ በሉት። እና አስታማሚ ይዛቹ ሂዱ፣ አንድ ሰው የሚሰማና የሚጽፍ ያስፈልጋል።

ግን አስታማሚው ስለናንተ አያውራ። ይሄን የምለው ብዙ ጊዜ ልጅ እናቱን ይዞ ገብቶ ሁሉንም እሱ ይመልሳል፣ እናት ዝም። ደሞ ትልልቅ ሰዎቻችን ዶክተሩ "እንዴት ነዎት እማማ?" ሲላቸው "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚሉት፣ የኔም እናት ሌሊቱን ሙሉ ስትቃትት አድራ ሀኪም ፊት ስትቀርብ ሳቅ ብላ ይመስገን ነው ያለችው። መመስገኑ ባልከፋ፣ ግን ከዛ ቀጥሎ ህመሙ መነገር አለበት፣ ስለዚህ ቤት ሆናቹ "እማ፣ እዛ ስንደርስ ሌሊት እንዴት እንደሚያደርግሽ ራስሽ ትነግሪዋለሽ" ብላቹ ተስማሙ። አንዳንዱ ጥያቄ ነውር ይመስላል፣ ሽንት ያመልጥሃል ወይ፣ ሰገራ ይመጣል ወይ፣ ግንኙነት ላይ የተለወጠ ነገር አለ ወይ። አባት ልጁ ፊት ይሄን አይመልስም። እዛ ጋ ስትደርሱ አስታማሚ የሆናቹ ሰዎች "እኔ ውጪ ልጠብቅ" በሉና ውጡ። እነዚህ ጥያቄዎች ለወሬ የሚጠየቁ አይደሉም፣ ወደ ፊኛና ወደ አንጀት የሚሄዱት ነርቮች ከአከርካሪው ታችኛው ክፍል ነው የሚወጡት፣ መልሱ ቀጠሮውን ወደ ድንገተኛ ሊለውጠው ይችላል።

ከዛ ፍተሻው ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚገርመው ወገቡን ብሎ ሄዶ ዶክተሩ ብዙ ጊዜውን እግር ላይ ማሳለፉ ነው። መጀመሪያ አረማመዳቹን ያያል። በተረከዝ ብቻ ሂዱ ይላል፣ በጣት ብቻ ሂዱ ይላል፣ በተረከዝ መሄድ ካቃተ ኤል4 እና ኤል5 ይጠረጠራሉ፣ በጣት መቆም ካቃተ ኤስ1። አልጋ ላይ በጀርባ አስተኝቶ እግራቹን ቀጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ያነሳል፣ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሃል ህመሙ ከመቀመጫ እስከ ባት ድረስ ከነዘረ ነርቩ እየተቆነጠጠ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ ከታፋ ኋላ መወጠር ብቻ ከሆነ ግን እሱ ጡንቻ ነው፣ ስለዚህ "አመመኝ" ብቻ ሳይሆን የት እንዳመማቹ ንገሩት። ደህነኛውን እግር ሲያነሳም የታመመው እግር ከነዘረ ደሞ የዲስኩ ጥርጣሬ ይበልጥ ይጠነክራል። ከዛ ግፋ፣ ሳብ፣ አውራ ጣትህን ወደ ላይ ያዝ እያለ ጉልበታቹን ከ0 እስከ 5 ባለው ነጥብ ይለካል፣ እዚህ ላይ ያላቹን ጉልበት በሙሉ ስጡ፣ አሳዝናለሁ ብሎ መለገም ውጤቱን ያበላሻል። በመዶሻው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ መታ መታ ያደርጋል፣ በጥጥና በሹል ነገር እየነካካ አይናቹን ጨፍናቹ እኩል ይሰማሃል ወይ ይላል፣ የሚንቀጠቀጥ ብረት እግር ጣት ላይ ያስቀምጣል፣ የእግር መዳፍን ከተረከዝ ወደ ጣት ይጭራል። ይሄ የመጨረሻው ያስቃል ግን ከባድ ነገር ነው የሚፈልገው፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ከተነሳ ችግሩ ከወገብ በላይ፣ አከርካሪ ውስጥ ያለው ዋናው ገመድ ወይ አንጎል ላይ ሊሆን ይችላል፣ ገመዱ የሚያልቀው ከወገብ አጥንቶች የመጀመሪያውና ሁለተኛው አካባቢ ስለሆነ። የሽንት ወይ የሰገራ ችግር ካለ በፊንጢጣ በኩል በጓንት ሊፈትሽ ይችላል፣ ለምን እንደሆነ ይነግራቹኋል፣ አትደንግጡ።

አንድ እኛ ሀገር ላይ ችላ መባል የሌለበት ነገር የአከርካሪ ቲቢ ነው። ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚብስ፣ ተኝተውም የማይለቅ ህመም፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ጀርባ ላይ ጉብ ያለ ነገር፣ ከዛ የእግር መዛል። ሳል ላይኖር ይችላል፣ ለዛ ነው ሰው ቲቢን የማያስበው። ህክምናው በመንግስት ጤና ተቋም በነጻ ነው፣ ለሳንባ ቲቢ ከሚሰጠው የ6 ወር ህክምና ይረዝማል፣ በጊዜ ከተጀመረ እግርን ያድናል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣና ከብት ጋ የሚውል ሰው ደሞ ብሩሴላ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ ኢንፌክሽንም አለ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ይዛቹ ከሆነ የምትሄዱት ይሄን ለዶክተሩ ጣል አድርጉለት።

ኤምአርአይ ላይ እንምጣ። ራጅ አጥንት ነው የሚያሳየው፣ ዲስክና ነርቭ አያሳይም፣ ኤምአርአይ ግን ያሳያል፣ ችግሩ ከሚያስፈልገው በላይ ማሳየቱ ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ አንድ ጥናት ምንም ወገባቸውን የማያማቸው 3,110 ሰዎች ላይ የተነሱ ምስሎችን ሰብስቦ አይቶ ነበር፣ ምንም ሳያማቸው በ20 ዓመት እድሜ ላይ ካሉት 30 በመቶው፣ በ50 ዓመት ካሉት 60 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት 84 በመቶው ላይ ዲስክ ቡልጅ፣ ማለት ከቦታው ትንሽ ያበጠ ዲስክ፣ ተገኝቷል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ "ቡልጅ" "ዲጀነሬቲቭ" (እያረጀ የሄደ ማለት ነው) የሚል ቃል አይታቹ አልቆልኛል አትበሉ፣ ጥያቄው ፎቶው ላይ ያለው ነገር እግራቹ ላይ ከተገኘው ጋር ይገጥማል ወይ ነው። ቀኝ እግሩን የሚያመው ሰው ፎቶው ላይ በግራ በኩል የወጣ ዲስክ ቢገኝበት ያ ዲስክ የሱ ህመም አይደለም። አደገኛ ምልክት ከሌለ ሀኪሙ "ስድስት ሳምንት እንይና" ቢላቹ ችላ አላቹ ማለት አይደለም፣ ትክክለኛ አሰራር ነው።

ከታዘዘ ግን፣ ማሽኑ ውስጥ በጀርባ ተኝታቹ ሳትንቀሳቀሱ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ትቆያላቹ፣ ድምጹ ይጮሃል፣ ጆሮ መሸፈኛ ይሰጣቹኋል፣ ጨረር የለውም። የልብ ማሽን የተገጠመለት፣ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይ ፍንጣሪ ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ቀድሞ ይናገር። ሀብል፣ ቀለበት፣ የጸጉር ጌጥ፣ ስልክ፣ ካርድ ሁሉ ውጪ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ብቻ ተቀብላቹ አትውጡ፣ ምስሉን በሲዲ ወይ በፊልም ጠይቁ፣ ዶክተሩ የራሱን አይን ማሳረፍ ይፈልጋል። ኢኤምጂ የሚባል የነርቭ ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ነርቩን እየነካኩ ፍጥነቱን ይለካሉ፣ ከዛ በቀጭን መርፌ ጡንቻውን ያዳምጣሉ፣ ያማል ግን ይቻላል፣ የዛን ቀን ቅባትና ሎሽን አትቀቡ። ችግሩ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከተሰራ ብዙ ነገር ሊያመልጠው ይችላል፣ ስለዚህ ጥድፊያ አያስፈልገውም።

ህክምናው ላይ ሰው የሚጠብቀው አንድ የሚያድን መርፌ ነው፣ እሱ የለም። ሀኪሙ ምናልባት ተንቀሳቀስ፣ አትተኛ፣ ፊዚዮቴራፒ ሂድ ይላል፣ ይሄ መድኃኒት አጥቶ አይደለም። ለሳምንታት አልጋ ላይ መዋል ጡንቻ ያደክማል፣ ህመሙን ያራዝማል። ፊዚዮቴራፒውን የመታሻ ቦታ አታድርጉት፣ እንቅስቃሴውን ተምራቹ ቤት የምትሰሩበት ነው፣ ሦስቴ ሄዶ አልተሻለኝም ብሎ መተው ገና ሳይጀመር ማቆም ነው። ያቺ ሁሉም ሰው የሚገዛት የወገብ ቀበቶም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም አትስጡ ካላቸው ነገሮች አንዷ ናት፣ ብራቹን ለፊዚዮቴራፒው አስቀምጡ።

ከመድኃኒቱ፣ እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉት ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትም ይጨምራሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ደሞ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። አሚትሪፕቲሊን ታዞላቹ ኢንተርኔት ላይ የድብርት መድኃኒት የሚል ብታዩ አትናደዱ፣ በትንሽ መጠን ማታ ማታ ሲወሰድ ለነርቭ ህመም የሚሰጥ ነው፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ፕሬጋባሊንና ጋባፔንቲን ያፈዛሉ፣ ስለዚህ ሾፌር የሆነ ሰው ይጠንቀቅ፣ ድንገትም አይቋረጡም። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ፕሬጋባሊን ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ ህመም ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻለ ውጤት አላመጣም፣ ለስኳር የነርቭ ህመም ግን ይሰራል፣ ስለዚህ ከታዘዘላቹ "ዶክተር፣ ለስንት ጊዜ ሞክሬ ነው ካልሰራ የምናቆመው?" ብላቹ መጠየቅ መብታቹ ነው። ለመግዛት ከነማ ፋርማሲን መጀመሪያ እዩ፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ቀዶ ጥገና ቢነሳም ወዲያው አትበርግጉ። ሽንት ከተያዘ ወይ እግር እየዛለ ከሄደ አይዘገይም። ከዛ ውጪ ህመም ብቻ ከሆነ ግን ጊዜ አለ፣ የወጣ ዲስክ በወራት ውስጥ በራሱ እየሟሸሸ የሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆላንድ ውስጥ ተሰርቶ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ጥናት ቶሎ የተሰራላቸው ሰዎች ህመሙ ቶሎ እንደለቀቃቸው፣ አንድ ዓመት ሲሞላ ግን ከጠበቁት ጋር እኩል እንደሆኑ አሳይቷል። ቀዶ ጥገናው የሚረዳው ደሞ በዋናነት የእግሩን ህመም ነው፣ የወገቡን ያን ያህል አይደለም፣ ይሄን ሳያውቁ ገብተው ወገቤ አልዳነም የሚሉ አሉ።

ከክፍሉ ከመውጣታቹ በፊት "ምንድነው የጠረጠሩት ዶክተር? በስንት ጊዜ ይሻለኛል ብዬ ልጠብቅ? ምን ካየሁ ከቀጠሮዬ በፊት ልምጣ?" በሏቸው፣ አስታማሚው መልሱን ይጻፍ። የማይገባ ቃል ካሉ በአማርኛ ይድገሙልኝ ማለት ድፍረት አይደለም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደሞ ተሻለኝ አልተሻለኝም ብቻ ይዛቹ አትሂዱ፣ ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደቻላቹ፣ ሌሊት ስንቴ እንደተነሳቹ፣ ከቤት እስከ ታክሲ መያዣው ሳትቆሙ መሄድ መቻላቹን፣ መድኃኒቱን መቼ እንደጀመራቹና ምን እንዳደረጋቹ ጻፉት። ሲዲውን፣ የደም ውጤቱን፣ የመድኃኒት ካርቶኖቹንና የፊዚዮቴራፒውን ወረቀት ባንድ ክላሰር አድርጉና ቀጠሮው የሌላ ሀኪም እጅ ላይ ቢወድቅ እንኳን ከዜሮ እንዳትጀምሩ እሱን ይዛቹ ግቡ።